የዛገች ኮምቢ በግቢያችሁ ማደስ፦ ከውሃው ጀምሩ

ኮምቢዋ ግቢያችን የገባችው በገመድ ተጎትታ ነው። እ.ኤ.አ. የ1971 ሞዴል የቮልስ ቫን ናት። ዘጠኝ ዓመት አንድ አጥር ጥግ ቆማ ኖራለች። ባለቤቱ ከመሸጡ በፊት ቀለም ስላስቀባት ከሩቅ ሲያዩዋት ሙሽራ ትመስላለች። ማታ ሰው ሁሉ ሲሄድ ከሾፌሩ በር ስር ያለውን ደፍ በአውራ ጣቴ ጫን አደረግኩት። ጣቴ ሰመጠ። ከቀለሙ ስር ስቱኮ ነበር። ከስቱኮው ስር ደግሞ የታጨቀ ጋዜጣ። ላሜራ የሚባል ነገር የለም።

ከዚያች ማታ ቦሎ እስኪለጠፍላት 17 ወር ፈጀብኝ። ከ17ቱ ሦስቱን በከንቱ ነው ያቃጠልኳቸው። ያየሁትን ዝገት እየቆረጥኩ ስበይድ ውሃው በየት በኩል እንደሚገባ አልጠየቅኩም። አዲስ የበየድኩት ወለል በመጀመሪያው ክረምት ቡናማ ላብ አወጣ። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከብየዳ አይጀምርም። የሚጀምረው ከግቢ ውሃ ጎማ ነው።

የምናገረው እ.ኤ.አ. ከ1967 መጨረሻ እስከ 1979 ጀርመን ስለተሠራችው ኮምቢ ነው፤ የፊት መስታወቷ አንድ ወጥ የሆነው፣ የጎን በሯ የሚንሸራተተው። ብራዚል ውስጥ እስከ 2013 ድረስ ስትመረት ስለቆየች የአካል ክፍሎቿ ዛሬም በውጭ አገር ይገኛሉ። ሌላ አሮጌ ቫን ካላችሁም ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

ሊብሬውን አስቀድሙ። ቀጥሎ የሻንሲ ቁጥሩን ሞተር ክፍሉ ውስጥ በስተቀኝ በኩል ፈልጉት፤ ብረቱ ላይ ተመትቷል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ዓይነቷን ይነግሯችኋል፤ 21 ዝግ የዕቃ መኪና፣ 22 ሚኒባስ፣ 23 ኮምቢ፣ 26 ፒክአፕ ነው። ሦስተኛው የሞዴል ዓመቱ የመጨረሻ አሃዝ ነው። የእኔ በ231 ይጀምራል። የሞዴል ዓመቱ የሚቆጠረው ከነሐሴ ስለሆነ በ1970 መጨረሻ የወጣች መኪና 1971 ትባላለች። ይህ ተራ ወሬ አይደለም። ከ1971 ሞዴል ጀምሮ የፊት ፍሬኗ ዲስክ ነው። ምርጫ ካላችሁ ከዚያ ወዲህ ያለችውን ውሰዱ።

ቁጥሩ በዝገት ተበልቶ ወይም ዙሪያው ተበይዶ ካያችሁ ደጋግማችሁ አስቡበት። ለቴክኒክ ምርመራ ስትቀርቡ ጣጣው የእናንተ ነው።

ኪሳችሁ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔትና ካቻቢቴ ያዙ። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው። በካቻቢቴው እጀታ ላሜራውን ኳ ኳ አድርጉት። ጤነኛው ይጮሃል፣ የበሰበሰው ድምፁ ድፍን ነው። የምታዩት ከላይ ወደታች ነው፦ የጣሪያው አሸንዳ፣ የፊት መስታወቱ የታች ጥጎች፣ ፔዳሎቹ ስር ያለው ወለል፣ የተንሸራታቹ በር የታች ጠርዝ፣ በሁለቱም ጎን ያሉት ደፎች፣ ክሪክ የሚገባባቸው ቦታዎች፣ ሞተር ክፍል ውስጥ ባትሪው የሚቀመጥበት። በመጨረሻ ጀርባችሁ ላይ ተኝታችሁ ከዋናው ሻንሲ ወደ ጎን የሚወጡትን ክንዶች ተመልከቱ። ወለሉንና ደፉን የተሸከሙት እነሱ ናቸው።

የእኔ ሚዛን እንዲህ ነው። ወለሏ ያለቀ ኮምቢ ግዙ፤ አሸንዳዋ ያለቀ አትግዙ። ወለል ጠፍጣፋ ነው፣ ማንም ቆርጦ ይበይደዋል። አሸንዳ ግን ሦስት ላሜራ የሚገናኝበት ረጅም ስፌት ነው። እሱን የሚያስተካክል እጅ ማግኘት ከባድ ነው። ቢገኝም ኪስ ይቀዳል።

ሞተሩ ባይነሳ አትደንግጡ። 1600 ሞተሯ የትንሿ ቮልስ ዘመድ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ የቮልስ ከተማ ናት። ሶማሌ ተራ ዞር ዞር ብላችሁ ከጠየቃችሁ አብዛኛው የሞተር ዕቃ አይጠፋም።

ቦታ፣ ክሪክና እሳት

መኪናዋ 4.4 ሜትር ያህል ትረዝማለች፣ ስፋቷ 1.7፣ ቁመቷ 2 ሜትር ገደማ ነው። በዙሪያዋ አንድ ሜትር ካገኛችሁ ይበቃል። ቁመቱን ግን ለኩ። እኔ የጋራዡን የላይኛ መቃን በ3 ሳንቲም ነው ያለፍኩት። በኋላ አዲስ ጎማ ሲገባላት አላለፈችም። ንፋስ ተንፍሶ ነው የወጣችው።

መኪና ስር በክሪክ ብቻ አትግቡ። በብሎኬትም አትደግፉ። ባዶ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈረካከሰው። ከቱቦላሬ የተበየደ አራት መቆሚያ አሠሩ። ሁለተኛ ሥራ ላይም ያገለግላችኋል።

ሁለት ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ስለማያውቃቸው። የቮልስ ሞተር አካል ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ ነው። እሳት ከያዘው ውሃ አይደፋበትም፤ ያባብሰዋል። ደረቅ አሸዋ በባልዲ አጠገባችሁ ይኑር። ሁለተኛው፣ ክሎሪን ባለበት የፍሬን ማጽጃ የታጠበ ብረት ሳይደርቅ ከተበየደ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ብረት የምትበይዱ ከሆነ በሳሙናና በውሃ አጥባችሁ በደንብ አድርቁ።

የውሃ ፈተና

አንድም ብሎን ሳትፈቱ ይህን አድርጉ። ምንጣፉንና ወንበሮቹን ብቻ አውጡ። አንድ ሰው የእጅ ባትሪና ጠመኔ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ። እኔ የጎረቤት ልጅ ነው ያስቀመጥኩት፤ ክፍያው አንድ ሚሪንዳ ነበር። እናንተ ከውጭ ውሃ አጠጧት። ከታች ጀምራችሁ ወደላይ ውጡ፣ እያንዳንዱ ቦታ ላይ አምስት ደቂቃ ቆዩ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉንም ያረጥብና የትኛው ቀዳዳ እንዳስገባው አታውቁም።

ልጁ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ!» እያለ በጠመኔ ያከብባል። የእኔዋ ላይ አራት ክብ ወጣ።

የመጀመሪያው የፊት መስታወቱ የታች ጥግ ነው። ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ውሃው በውስጥ በኩል ወርዶ ፔዳሎቹ ስር ይተኛል። ሁለተኛው የጎን መስታወት ጎማ ነው፤ ውሃው ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ደፉ ውስጥ ይጠራቀማል። ሦስተኛው የተንሸራታቹ በር ሃዲድ ነው። አራተኛው ያስገረመኝ ነው። ከኋላ ላይኛው ጥግ ሞተሩ አየር የሚስብባቸው ክንፋማ መስኮቶች አሉ። በእነሱ የገባ የዝናብ ውሃ መውጫው በቅጠልና በአፈር ተደፍኖ ባትሪው ማስቀመጫ ላይ ይንጠባጠባል። የባትሪ አሲድ ሲጨመርበት ቦታው ወንፊት ይሆናል።

እዚህ አገር በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው አይረጭም። አውሮፓ የኖረች መኪና ከስር ስትበላ፣ የእኛዎቹ ባብዛኛው ቆመው ዝናብ ሲጠጡ ነው ከውስጥ የሚበሰብሱት። ስለዚህ የውስጡን ቀዳዳ ሁሉ እስክታገኙ አትቸኩሉ። የደፉን ታችኛ ጠርዝ ተመልከቱ፤ ፋብሪካው የተወላቸው ትናንሽ የውሃ መውጫዎች አሉ። በቀጭን ሽቦ ክፈቷቸው። የእኔዋ ላይ አንድ ሰው በደግነት በስቱኮ ደፍኗቸው ነበር።

ማውለቅ

ስልካችሁ ከቁልፍ ይበልጣል። ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ፣ ከፈታችሁ በኋላ ፎቶ። ብሎኑን በትንሽ ፌስታል አስራችሁ ከየት እንደወጣ ጻፉበት። የተበላሸውን አሮጌ ዕቃ አዲሱ እጃችሁ ሳይገባ አትጣሉ። የበሰበሰ ላሜራ እንኳ ለአዲሱ ልኬት ይሆናል።

የዛገ ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት ትንሽ አጥብቁት። ክርክር ሲል ዝገቱ ይሰበራል። እንቢ ካለ ማታ ዘይት አጠጡትና ጠዋት ተመለሱበት። የሚቸኩል ሰው ብሎን ይቆርጣል፤ ከዚያ ለአንድ ብሎን ግማሽ ቀን ሲሰረስር ይውላል።

ሞተሩን ቀድማችሁ አውጡ። የነዳጅ ታንከሩ ከሞተሩ ፊት ከግድግዳ ጀርባ ስለሆነ ሞተር ካልወጣ እሱም አይወጣም። ታንከር ያለበት መኪና ላይ ብየዳ የለም። ይህ ለድርድር አይቀርብም። የባትሪውን ገመድ ንቀሉ፣ የካርቡራተሩን ገመድ፣ ሁለቱን የማሞቂያ ገመዶች፣ የነዳጁን ቱቦና የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹን ምልክት እያደረጋችሁ አላቅቁ። እስከ 1971 ባሉት ላይ ከሞተሩ ኋላ ያለው የታችኛ ላሜራ በብሎን ስለተያዘ ይወልቃል፣ ሥራው ይቀላል። ከዚያ የኋላ መያዣውንና ከካምቢዮው ጋር ያያዙትን አራቱን ብሎኖች በ17 ቁልፍ ፈትታችሁ ወደ ኋላ ጎትቱ። ክብደቱ ከ100 ኪሎ በላይ ነው፤ ለብቻ አይሞከርም።

ከመቁረጣችሁ በፊት ደግፉ

እኔ የተቀጣሁት እዚህ ነው። ኮምቢ እንደ ጭነት መኪና የተለየ ሻንሲ የላትም። ሻንሲው፣ ወለሉ፣ ደፉና ግድግዳው አንድ ላይ የተበየደ አንድ ሳጥን ነው። ደፉ ሲቆረጥ ሳጥኑ ጎኑን ያጣል። እኔ የግራውን ደፍ ከጫፍ ጫፍ በአንድ ቅዳሜ ቆርጬ ጣልኩት። መኪናዋ በመሃል በሁለት መቆሚያ ላይ ነበረች። አዲሱን በይጄ ስጨርስ የሾፌሩ በር አልዘጋ አለ፤ የጣት ስፋት ያህል ወርዷል። ብየዳውን መልሼ ቆረጥኩ።

እናንተ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ በሮቹ ሁሉ ተዘግተው እያለ ክፍተታቸውን ለኩና ግድግዳው ላይ ጻፉ። ቀጥሎ 40 በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ በበሩ ክፍተት ውስጥ አንዱን አግድም፣ አንዱን ሰያፍ አድርጋችሁ ነጥብ ነጥብ በይዱት። መኪናዋን በመሃል ሳይሆን ከፊትና ከኋላ ክብደቷ በሚያርፍበት አካባቢ፣ በዋናው ሻንሲ ላይ አቁሟት። በውሃ ልክ አረጋግጡ። ከዚያ አንድ ጎን ብቻ፣ እሱንም ቢበዛ 40 ሳንቲም እየቆረጣችሁ ሥሩ። በየቁራጩ በሩን ገጥማችሁ ሞክሩ። አሰልቺ ነው። መልሶ ከመቁረጥ ግን ይሻላል።

ዝገቱን መለየት

ሁሉም ዝገት አይቆረጥም። ላይ ላዩን ቡናማ የሆነውን በሽቦ ብሩሽ ጠርጋችሁ፣ ፎስፈሪክ አሲድ ያለበት የዝገት ማጽጃ ቀብታችሁ፣ አጥባችሁና አድርቃችሁ ያንኑ ቀን ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለም በፊት የሚቀባውን መነሻ፣ አድርጉበት። ማታ ከተዋችሁት ጠዋት እንደገና ቡናማ ነው፤ በተለይ በሐምሌ።

ቅርፊት ያወጣውን በመዶሻ ጫፍ ምቱት። ቅርፊቱ ሲረግፍ የቀረው ብረት ከተጣጠፈ ወይም ከተበሳ የሚቆረጥ ነው። ካልተበገረ ይድናል።

የተበሳውን ዝገቱ ካለቀበት ሳይሆን በሁለቱም ፊት ንጹሕ ብረት ከሚታይበት ሁለት ሳንቲም አልፋችሁ ቁረጡ። ሰው እዚህ ላይ ይሰስታል። ዝገት ላይ የተበየደ ላሜራ በእሳቱ ጠርዝ በኩል ይቀደዳል።

ለትናንሽ ዕቃዎች፣ ማጠፊያ፣ ቅንፍ፣ ብሎን፣ ሁለት ርካሽ መንገድ አለ። አንዱ አቼቶ ነው፤ ሌሊቱን ነክራችሁ ጠዋት ቦርሹት፣ ከዚያ ሶዳ ባለበት ውሃ አለቅልቁት። ሌላው በፕላስቲክ ባልዲ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማጽጃ ነው። በ5 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶዳ አሽ አሟሙት፤ ከአብያታ ሐይቅ ሲወጣ የኖረው ዓይነት ነው። የዛገው ዕቃ የባትሪ ቻርጀሩ ኔጌቲቭ ላይ፣ የማትፈልጉት ቁራጭ ብረት ደግሞ ፖዘቲቭ ላይ ይሁን። ሁለቱ አይነካኩ። ከተሳሳታችሁ ጥሩ ዕቃችሁን ነው የምትበሉት። በፖዘቲቩ በኩል የማይዝግ ብረት አትጠቀሙ፤ ውሃው ላይ መርዛማ ክሮምየም ይለቃል። አረፋው ሃይድሮጅን ስለሆነ ውጭ ግቢ ውስጥ ሥሩት፣ ሲጋራም ይራቅ።

ላሜራና ብየዳ

የፋብሪካ ደፍና የጎማ ቤት ከውጭ ማስመጣት ይቻላል፤ ዋጋውና ጉዞው ግን ሌላ ነው። የመስታወት ጎማና የፍሬን ዕቃ ከአሜሪካ ወይም ከጀርመን የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፤ የሁለት ሜትር ደፍ አይገባም። እኔ ጎማዎቹን በእህቴ ሻንጣ አስመጣሁ። ላሜራውን እዚሁ አሳጠፍኩ።

ልኬቱን በካርቶን አውጡ። ካርቶኑ ቦታው ላይ ሳይጨማደድ ከተቀመጠ ላሜራውም ይቀመጣል። ለግድግዳና ለወለል ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር፣ ለክንዶቹና ክሪክ ለሚገባባቸው 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ተጠቀሙ። መርካቶ ውስጥ ላሜራ የሚያጥፉ ሰዎች ካርቶናችሁን አይተው በደቂቃዎች ይሠሩላችኋል። ዚንክ የተለበጠ የጣሪያ ቆርቆሮ አትቀበሉ። ቀጭን ነው፤ ሲበየድ የሚወጣው ጭስም ትኩሳት ያስይዛል። አንድ በያጅ ጋ አንድ ጊዜ የጎማ ቤት ሰጥቼ ማታ ስመለስ የዛገው ላይ ቆርቆሮ ደርቦ፣ ዙሪያውን በይዶ፣ በስቱኮ አሳምሮ ጠበቀኝ። «ጋሼ፣ አይታይም እኮ!» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አይታይም። በሁለቱ ላሜራ መሃል የሚቆመው ውሃ ግን አለ።

ደፉ ሦስት ላሜራ ነው፦ የውስጥ፣ የመሃል ማጠናከሪያና የውጭ። ብዙ ሰው የውጩን ብቻ ይቀይራል። ሸክሙን የሚይዘው ግን የመሃሉ ነው። ቅደም ተከተሉ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ መጀመሪያ ክንዶቹና ክሪክ የሚገባባቸው፣ ከዚያ የውስጡ፣ ከዚያ የመሃሉ፣ በመጨረሻ የውጩ። የሚደራረበው ፊት ሁሉ ከመዘጋቱ በፊት ዚንክ ያለበት ፕራይመር ይቀባ። ከተዘጋ በኋላ ብሩሽ አይደርስም።

የብየዳ ማሽኑን በተመለከተ እቅጩን ልናገር። ለቀጭኑ ላሜራ ሚግ ያስፈልጋችኋል፤ 0.6 ሚሊ ሜትር ሽቦ በራሱ እየመገበ በጋዝ የሚበይደው ማሽን። ተራው በኤሌክትሮድ የሚሠራው ማሽን ለ2 ሚሊ ሜትር ክንድ ይሆናል፣ 0.9 ላሜራ ላይ ግን ያቃጥላችኋል እንጂ አይበይድላችሁም። የኦክስጅን ብየዳ ደግሞ ግድግዳውን ያጣምመዋል። ሚግ መግዛት ካልቻላችሁ በቀን ተከራዩ ወይም በያጁን ከነማሽኑ ግቢያችሁ አምጡት። ዓይናችሁ ስር ሲሠራ ቆርቆሮ አይደርብም።

ፋብሪካው በነጥብ ነው የበየዳት። እናንተም ላይኛው ላሜራ ላይ በየ3 ሳንቲሙ የ6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱና ቀዳዳውን በብየዳ ሙሉት። ወጥ መስመር በሚያስፈልግበት ቦታ አንድ ሳንቲም በይዳችሁ 20 ሳንቲም ዝለሉ፣ ሌላ ቦታ ሂዱ፣ ተመለሱ። በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱት፤ እጅ ካልቻለው ጠብቁ። ነጥቡ የተሳካ መሆኑን የምታውቁት ከጀርባ ነው። ከኋላ ሰማያዊ ክብ ካላያችሁ ላይ ላዩን ነው የተለጠፈው። በግራይንደር አንሱትና ድገሙት።

ግድግዳው ውስጥ ሬንጅ የመሰለ የድምፅ መከላከያ አለ። ሳይታይ ቀስ ብሎ ይጨሳል። ብየዳ ሲያልቅ ግማሽ ሰዓት ቁጭ በሉ። ቡና ይፈላ። ከመኪናዋ ግን አትራቁ።

ማሸግና ቀለም

ቀለም ላይ ብዙ አልቆይም፤ ጎበዝ ቀለም ቀቢ ሞልቷል። የሱ ሥራ ግን ከስሩ ካለው አይበልጥም። ባዶ ብረት ላይ መጀመሪያ ኢፖክሲ ፕራይመር፣ ቀጥሎ በየመገጣጠሚያው ማሸጊያ፣ ከዚያ ስቱኮ። ስቱኮ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ካለፈ ላሜራው ነው መስተካከል ያለበት። ስቱኮ ውሃ ይመጥጣል። ፈግፍጋችሁ ሳትሸፍኑት ክረምት ካገኘው ቀለሙ በኋላ ይነፋል። በዚህ ምክንያት እኔ ቀለሙን ለኅዳርና ታኅሣሥ ነው ያቆየሁት፤ ደረቅ ነው፣ አቧራውን ደግሞ ወለሉን ውሃ ረጭቶ ማስተኛት ይቻላል።

አሮጌውን ቀለም በደረቁ አትፈግፍጉ። የዚያ ዘመን ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። የብርጭቆ ወረቀቱን በውሃ ተጠቀሙ። ማድረቂያ የሚቀላቀልበት ቀለም ደግሞ በፎጣ ወይም በአቧራ ጭምብል አይከለከልም፣ ሳንባ ያቆስላል። ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያቀርብ ጭምብል ከሌላችሁ ርጭቱን ላለው ሰው ተዉለት።

ቀለሙ ከደረቀ በኋላ በደፉ ቀዳዳዎች ቀጭን ቱቦ አስገብታችሁ ፈሳሽ ሰም ርጩ። ከውሃ መውጫዎቹ ሲንጠባጠብ ካያችሁ ሞልቷል። ማጽዳቱን ስትጨርሱ መውጫዎቹን እንደገና በሽቦ ክፈቱ።

የመስታወቱ ጎማ

ጎማውን መስታወቱ ላይ ግጠሙት። ጎማው መኪናዋን በሚነክስበት ጎድጎዳ ውስጥ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ወፍራም የናይለን ገመድ ዙሪያውን አስገቡ፣ ሁለቱ ጫፎች ታች መሃል ላይ ይደራረቡ። ጠርዙን በሳሙና ውሃ አርጥቡ። ከውጭ አንድ ሰው መስታወቱን በመዳፉ ይደግፍ፣ እናንተ ከውስጥ የገመዱን ጫፍ ወደ መሃል ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ገመዱ ሲወጣ የጎማውን ከንፈር ከኋላው እየገለበጠ ጠርዙ ላይ ያስቀምጠዋል። «ጥፕ፣ ጥፕ» የሚል ድምፅ አለው። ጥጉ ላይ ከውጭ ያለው ሰው በቡጢ ሳይሆን በመዳፉ ይምታ። እኛ በመጀመሪያው ሙከራ ጥጉ ላይ ቸኩለን ገመዱ ከንፈሩን ቀደደው። ሁለተኛ ጎማ ለማግኘት እህቴን ሌላ አራት ወር ጠበቅኳት።

ጠርዙ ቀጥ ያለ መሆኑን አስቀድማችሁ እዩ። ስቱኮ ያበጠበት ጠርዝ ላይ አዲስ ጎማም ያፈሳል።

ሞተሩን ከመመለሳችሁ በፊት

የነዳጅ ቱቦዎችን ሁሉ ቀይሩ፤ አንድም አሮጌ አትተዉ። ኮምቢዎችን አብዝቶ የሚያቃጥላቸው የደረቀ ቱቦ ነው። የፍሬን ዘይት ከነተጣጣፊ ቱቦዎቹ ይቀየር፤ ዘይቱ እርጥበት ስለሚስብ ዘጠኝ ዓመት የቆመ ፍሬን ከውስጥ ዝጓል።

ሞተሩ ዙሪያ ያለው ጎማና ላሜራ ጌጥ አይደለም። ራዲያተር የላትም። ከታች ያለው ትኩስ አየር ወደላይ እንዳይመለስ የሚያግዱት እነሱ ናቸው። ብዙ መካኒክ ፈትቶ ይጥላቸዋል፤ በኋላ ሞተሩ ሲነክስ ቤንዚኑን ይሰድባል።

የክፍተቶቹ ልኬት እነሆ፦ ቫልቭ በቀዝቃዛ ሞተር 0.15 ሚሊ ሜትር፣ ፑንቲና 0.4፣ ካንዴላ 0.7። የማቀጣጠያ ቅደም ተከተሉ 1-4-3-2 ነው። ዘይቱ 2.5 ሊትር ነው፤ ማጣሪያው ተራ ወንፊት ስለሆነ ዘይቱ በየ5,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር፣ ቫልቩም ያኔ ይታይ።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። አየሩ ስለሚሳሳ ለባሕር ዳርቻ ከተማ የተሠራ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል። ዋናውን የቤንዚን ቀዳዳ በአንድ ወይም በሁለት ቁጥር ቀንሱት፣ ካንዴላው የቡና ወተት ቀለም እስኪይዝ። የመጀመሪያውን ግን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት። ወደ አዋሽ ወይም ድሬዳዋ ከወረዳችሁ መልሳችሁ ትገጥሙታላችሁ፤ ቤንዚን ያነሰው በሙቀት ውስጥ ሞተሩን ያቃጥለዋል።

ምርመራው

ከቴክኒክ ምርመራ በፊት የራሳችሁን አድርጉ። ያንኑ ልጅ ያንኑ ጠመኔ አስይዛችሁ ውስጥ አስቀምጡት። ውሃውን ከታች ወደላይ። እኛ ይህን ያደረግነው በሚያዝያ ነው። ልጁ አድጎ ጉልበቱ ከወንበሩ መሃል አልገባ ብሎ ነበር። ግማሽ ሰዓት አጠጣኋት። አንድ ክብ ብቻ ሠራ፤ ተንሸራታቹ በር ላይኛው ጥግ ላይ፣ የሳንቲም መጠን ያለው። በዚያው ቀን ጎማውን አነሳሁና ማሸጊያ ጨመርኩበት።

ሐምሌ ላይ ከሦስት ቀን ዝናብ በኋላ ጠዋት ወጥቼ የባትሪውን ማስቀመጫ በጣቴ ዳሰስኩት። አቧራ ነበረው።